ጥርስ ባዳ ነውን?

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና። አባባሉ ለጨዋታ መልካም ነው። በአሜሪካ አገር ግን ጥርስን ከሌላው አካል ለይቶ በሕግ ባዳ ያደረገ አሠራር ስላለ፣ ነገሩን መመርመር ለተማሪም ለሹምም ይጠቅማል።

በ1965 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ሁለት የጤና መድን ዓይነቶች ተቋቋሙ። ሜዲኬር በተለይ 65 ዓመት ለሞላቸው፣ ሜዲኬድ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ነው። የሜዲኬድን ወጪ የፌዴራሉና የየስቴቱ መንግሥት ይካፈሉታል። ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ተጠቃሚዎች የጥርስ ሕክምና መስጠት ግዴታ ነው። ለጎልማሶች ግን ስቴቱ ቢወድ ይሰጣል፣ ባይወድ ይተዋል።

«ይሰጣል» እና «ሊሰጥ ይችላል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የታየው ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ነው። ካሊፎርኒያ በ2009 በጀት ቢያጥራት ለጎልማሶች ትሰጥ የነበረውን የጥርስ ሕክምና አብዛኛውን አቋረጠች። በ2014 ከፊሉን፣ በ2018 ደግሞ የቀረውን መለሰችው።

ጥርስ ግን በጀት እስኪገኝ አይታገሥም። ትንሽ ቀዳዳ በጊዜው ካልተሞላ እስከ ሥሩ ይዘልቃል፤ መግል ይቋጥራል። በሽተኛውም ሕመሙ ሲጠናበት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል። በዚያም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የሕመም ማስታገሻና የቁስል መድኃኒት እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለም። ስለዚህ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ የመንግሥትም ገንዘብ ሳያድን ይወጣል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ስቴቶች መካከል ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ለሜዲኬድ ጎልማሶች ሰፋ ያለ የጥርስ ሕክምና ፈቅደዋል። ይሁን እንጂ መድን መያዝ ብቻውን ሐኪም ፊት አያደርስም። ሜዲኬድ የሚከፍለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከገበያው ያነሰ ስለሆነ፣ የጥርስ ሐኪምም እንዲቀበለው ስለማይገደድ፣ ወረቀቱን ይዞ ከደጅ የሚመለሰው ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ነገ ሕግ ለማርቀቅ ብዕር የሚያነሣ ወጣት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዘው የትኛው መስመር ነው? የተጻፈውንስ አገልግሎት በተባለው ዋጋ የሚሠራ ባለሙያ ይገኛልን? ለእነዚህ መልስ ያልተዘጋጀለት መብት በወረቀት ላይ ቢያምርም፣ ሌሊቱን ጉንጩን ይዞ ለሚያድረው ድኻ እንቅልፍ አይሰጠውም።