የነገውን ካህን የሚያበቃው ማን ነው? የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤትና የአጥቢያው ድርሻ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ የነገውን ካህን የሚያበቃው ማን ነው? ብዙዎቻችን «ጳጳሱ» ወይም «መንፈሳዊ ኮሌጁ» ብለን እንመልስ ይሆናል። የምዕራብ ጎጃም ገጠር ልማድ ግን ሌላ መልስ አለው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳሷን የምትቀበለው ከግብፅ ነበር። ጳጳሱ ከገጠሩ አጥቢያ የራቀ፣ በቋንቋም የተለየ ነበር። ስለዚህ እጁን ጭኖ ክህነት የሚሰጠው እርሱ ቢሆንም፣ ሰውን ለዚያ ማዕርግ የሚያበቁት መምህሩና አጥቢያው ነበሩ።

ሥርዓቱ በሦስት ምሰሶዎች ይቆማል። የመጀመሪያው የኔታ ናቸው። ተማሪው ፊደልንና መዝሙረ ዳዊትን በንባብ ቤት ይዘልቃል፤ ከዚያ እንደ ዝንባሌው ወደ ቅዳሴ፣ ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔ፣ በኋላም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። ጎጃም በተለይ በቅኔ የታወቀ ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ስም የማይጠራበት የቅኔ ጉባኤ የለም። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማልም። ሁለተኛው ምሰሶ ተማሪው ራሱ ነው፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስተምራል፤ በማስተማርም መምህርነትን ይለማመዳል። ሦስተኛው መንደሩ ነው። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ እንጀራ የሚሰጠው ገበሬ መጽዋች ብቻ አይደለም፤ ልጁን የሚያጠምቅለትን፣ ሙታኑን የሚፈታለትን ካህን እያሳደገ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን የመሬት ይዞታዋን አጣች። ይህ ለውጥ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ የአብነት ትምህርት ቤቱ ግን ከዚያ ወዲህ ይበልጡን በመምህሩ ትዕግሥትና በየቤቱ ምጽዋት ላይ ተደግፎ ቀረ። አንዱ ምሰሶ የሌሎቹን ጭነት ሲሸከም ቤቱ ማዘንበሉ አይቀርም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ክፍተትም አለ። የአብነት ትምህርት ሊቅን ያወጣል፤ ሊቅነትና እረኝነት ግን አንድ አይደሉም። መወድስ የሚቀኝ ወጣት ቄስ፣ ልጇን የቀበረች እናት ፊት ሲቀመጥ ምን ይላል? በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን እንዴት ያስታርቃል? የንስሐ አባትነትን ከአረጋዊ ካህን አጠገብ ተቀምጦ እያየ ሊማረው አይችልም፤ ኑዛዜ ምስጢር ነውና። ሊያየው የሚችለው ሌላውን ነው፤ ለቅሶ ቤቱን፣ የታመመን መጠየቁን፣ የዕርቁን ሸንጎ። ስለዚህ ወጣቱን ካህን ከአንድ ልምድ ያለው አባት ጋር በግልጽ ኃላፊነት ማጣመር፣ በየሳምንቱም ያየውን እንዲወያይበት ማድረግ ታላቅ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ይህን የሚሠራ አካል ለመፍጠር አዲስ ድርጅት አያስፈልግም። በቃለ ዓዋዲው መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው አለ። ሰበካ ጉባኤው የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚተጋውን ያህል፣ ለየኔታ ቀለብና ለተማሪው ጎጆ በጀት ቢይዝ፣ ተማሪው በመደበኛው ትምህርት ቤትም እንዲማር ሰዓቱን ቢያመቻች፣ ለወጣቱ ቄስም መካሪ አባት ቢመድብ፣ የጥንቱ ሥርዓት በዘመኑ አቅም ይቀጥላል።

መንፈሳዊ ኮሌጆች የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ንጽጽርን፣ ታሪክን፣ የምርምር ስልትን ያስተምራሉ። ነገር ግን ወደ ኮሌጅ የሚገባው ወጣት በቅድሚያ ከአንድ አጥቢያ የወጣ ነው፤ ሲመረቅም የሚያገለግለው በአንድ አጥቢያ ነው። ሕንፃው ተሠርቶ የሚቀድስበት ቢጠፋ ጥፋቱ የኮሌጁ ብቻ አይሆንም፤ ተማሪ በደጁ ሲቆም ያላየው አጥቢያም ተጠያቂ ነው።