ኮምፒውተር ሲነሳ አብረውት የሚነሱ

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ በካርቱም ዐማራትም ሆነ ሐበሻ በሚበዛበት በጎረቤቱ በደይም፣ የኛ ሰው ኮምፒውተር ሦስት ቋንቋ መቻል ነበረበት፤ ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ። ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በሱዳን ላይ ተጥሎ የነበረው የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሶፍትዌርንም ስለሚነካ፣ በ2015 ላላ ቢልም፣ ብዙ ፕሮግራም የሚገኘው ከኩባንያው ሳይሆን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። እንዲህ የተጫነ ኮምፒውተር ያለ ወትሮው ሲንቀራፈፍ ወይም ሲደርቅ ባለሙያው ቶሎ የሚለውን እናውቃለን፤ «ፎርማት ይደረግ»። አዲስ አበባም ያው ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። ዊንዶውስ በተከፈተ ቁጥር ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች አሉ። አንዳንዶቹ ያስፈልጋሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሲጫኑ ራሳቸውን መዝገብ ውስጥ ያስገቡ ናቸው። ብዛታቸው ማሽኑን ያዘገየዋል፤ የባሰው ግን ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ሥራ ሲሻሙ ነው። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ማሽን ላይ ያለ እረፍት ሲጠብቁ፣ እያንዳንዱን ፋይል ሁለቱም ልፈትሽ ስለሚሉ ፋይሉ መሐል ላይ ይንገላታል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ፓወር ግዕዝና ኪማን ሁለቱም ከበስተጀርባ ሆነው የተነካውን ቁልፍ ተቀብለው ወደ ፊደል ይለውጣሉ። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከተነሡ አንዱ የለወጠውን ሌላው ሊለውጥ ሊሞክር ይችላል፤ ፊደል ይደገማል ወይም ይዋጣል። በዚህ ላይ ቋንቋ ለመቀየር ኦልትና ሺፍት ሲነካ ዊንዶውስ ወደ ዐረብኛ ይዞራል። ተጠቃሚው «ኪቦርዱ ተበላሸ» ይላል፤ ኪቦርዱ ምንም አልሆነም።

ማጣሪያው ከባድ አይደለም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብሮ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ስታርትአፕ የሚል ገጽ አለው፤ እዚያ እያንዳንዱ ፕሮግራም አነሳሱን ምን ያህል እንደሚያከብድ ጭምር ይታያል። ዲሴብል ማድረግ ማጥፋት አይደለም። ፕሮግራሙ እዚያው አለ፣ ሲፈለግ በእጅ ይከፈታል፤ ሳይጠሩት መነሳቱ ብቻ ይቀራል። ከሥር የሚሠሩትን አገልግሎቶች ለማየት ኤምኤስኮንፊግ ይከፈታል። እዚያ ግን የማይክሮሶፍትን አገልግሎቶች ደብቅ የሚለውን ምልክት ሳያደርጉ የቀረውን መንካት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። አሥራ ስድስት ፕሮግራም ቢኖር ስምንቱን ዘግቶ ሪስታርት ማድረግ፤ ችግሩ ከቀጠለ ጥፋተኛው ካልተዘጉት መሐል ነው፣ ከጠፋ ከተዘጉት። የተጠረጠሩትን እንደገና በግማሽ እየከፈሉ ሲሄዱ በአራት ሪስታርት አንዱ ላይ ይደረሳል። ብዙ ባለሙያ የሚረሳው ነገር ግን ግጭት ሁለት ወገን እንደሚፈልግ ነው። ሁለቱም ግማሾች ለየብቻቸው ሰላም ከሆኑ፣ ጠበኞቹ አንዱ በዚህኛው ሌላው በዚያኛው ግማሽ ናቸው ማለት ነው። ያኔ አንዱን ግማሽ እንዳለ ትቶ ከሌላው አንድ አንድ እየጨመሩ መፈተሽ ነው።

ይህ መንገድ የማይደርስበትም አለ። በጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያው የክራውድስትራይክ የተሳሳተ ዝማኔ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲጥል፣ ጥፋተኛው ከዊንዶውስ ጋር ገና ከሥሩ የሚነሳ ድራይቨር ስለነበረ ታስክ ማናጀር ጋ የሚደርስ አልነበረም። ብዙዎቹን ማሽኖች በሴፍ ሞድ አስነስቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ግድ ሆነ። ያኔም ቢሆን መፍትሔው ፎርማት አልነበረም።

ስለዚህ ኮምፒውተርዎን ለጥገና ሲሰጡ፣ ፎርማት ከመባሉ በፊት ስታርትአፑ ተፈትሾ እንደሆነ ይጠይቁ።