ኢስትሮጅን ተቀባይ ቤታን ፍለጋ፦ የምርምር አንቲቦዲዎች ዳሰሳ

ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመነጩ ሕዋሳትን በኬምብሪጅ ላቦራቶሪ ማዳቀላቸውን በ«ኔቸር» መጽሔት ካሳወቁ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ልክ 50 ዓመት ሞላ። በ1984 ከኒልስ ዬርነ ጋር ኖቤል ያሸለማቸው ይህ ሥራ ስላፈራቸው መድኃኒቶች ብዙ ተጽፏል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ግን ብዙም በማይወራለት ቅርንጫፍ ላይ ነው። አንድ ፕሮቲን በሰው ህብረ ሕዋስ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማየት ተመራማሪዎች ከካታሎግ መርጠው ስለሚገዟቸው አንቲቦዲዎች፣ በተለይም የሆርሞንን ሥራ የሚያስፈጽሙ ተቀባይ ፕሮቲኖችን ስለሚፈልጉት ነው። ዘርፉን ካናወጡት ክርክሮች ትልቁ የተነሣው ከዚሁ ወገን ነውና።

ሆርሞንና አንቲቦዲ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን ኢንሱሊንን በአንቲቦዲ የለኩት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር። ያሎው በ1977 ኖቤል ስትሸለም በርሰን በሕይወት አልነበረም። ቺካጎ ላይ ደግሞ ኤልውድ ጄንሰን የኢስትሮጅንን ተቀባይ አገኘ፤ እሱና ጄፍሪ ግሪን በኋላ ለዚሁ ተቀባይ አንቲቦዲ ሠሩለት። ዛሬ የጡት ካንሰር ናሙና ፓቶሎጂ ክፍል ሲደርስ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ተቀባይ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። መልሱ አንዲት ሴት ታሞክሲፈን የተባለው መድኃኒት ይጠቅማት እንደሆነ ይወስናል። እኛም አገር ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት ከዕጢዎቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተቀባዩ እንዳላቸው አሳይቷል፤ የአፍሪካውያን የጡት ካንሰር በአብዛኛው ተቀባይ የለውም የሚለውን ግምት የሚያናጋ ውጤት ነው።

የሆስፒታሉ ምርመራ የሚታመነው አንቲቦዲው ለብዙ ዓመታት ስለተፈተነና ከእያንዳንዱ ምርመራ ጋር ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎች አብረው ስለሚቀለሙ ነው። የምርምር ላቦራቶሪው ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። በምርመራው የሚታየው ቡናማ ቀለም የሚናገረው አንቲቦዲው አንድ ነገር ላይ መጣበቁን ብቻ ነው፤ ያ ነገር የሚፈለገው ፕሮቲን ስለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም። በዚያ ላይ ናሙናን ለማቆየት የሚያገለግለው ፎርማሊን የፕሮቲኑን ቅርጽ ስለሚለውጥ፣ ከሕዋስ በወጣ ፕሮቲን ላይ በሚደረገው የዌስተርን ብሎት ሙከራ የሠራ አንቲቦዲ በህብረ ሕዋስ ላይ ሊከሽፍ ይችላል።

የኢስትሮጅን ተቀባይ ቤታ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1996 ከስዊድኑ የካሮሊንስካ ተቋም ያን-ኦኬ ጉስታፍሰንና ባልደረቦቹ ሁለተኛ የኢስትሮጅን ተቀባይ ከአይጥ ፕሮስቴት ማግኘታቸውን አስታወቁ። ዜናው ታላቅ ተስፋ ፈጠረ። የመጀመሪያው ተቀባይ፣ አልፋ፣ ዕጢን የሚያሳድግ ከሆነ ቤታ ይገታው ይሆናል ተባለ። አንቲቦዲ ሻጮች ለቤታ ምርት አቀረቡ፤ ተመራማሪዎችም በጡት፣ በፕሮስቴትና በአንጀት ቀለሙን አይተው ብዙ ጽሑፍ አወጡ። ውጤቶቹ ግን እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። አንዱ በጡት ካንሰር ውስጥ በዝቷል ሲል ሌላው ጠፍቷል ይላል።

በ2017 ስዊድን ውስጥ፣ ሲሲሊያ ዊሊያምስ ያለችበት ቡድን 13 አንቲቦዲዎችን ሰብስቦ አንድ በአንድ ፈተነ። ቤታ እንዳላቸውና እንደሌላቸው በተረጋገጡ ሕዋሳት ላይ ሲሞከሩ ፈተናውን በብቃት ያለፈው አንድ ብቻ ሆነ። በእሱ ሲታይ ቤታ በወንድ የዘር ፍሬ፣ በእንቁልጢና በአንዳንድ የሊምፍ ሕዋሳት ተገኘ፤ በጤነኛም ሆነ በካንሰር በተያዘ ጡት ግን አልተገኘም። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ሌላ ቡድን ለብቻው መርምሮ በገበያው ላይ ያሉት የቤታ አንቲቦዲዎች ከባድ ጉድለት እንዳለባቸው ጻፈ። ቤታ በጡት ውስጥ ምንም የለም ወይስ ጥቂት አለ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ለኔ ግን ዋናው ፍርድ ተሰጥቷል፦ በእነዚያ ባልተፈተኑ አንቲቦዲዎች ላይ ብቻ የቆመ መደምደሚያ ሁሉ እንደገና መሠራት አለበት። ለምርምሩ ገንዘብና ናሙና የሰጡ ሕሙማን ይህ ይገባቸዋል።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። የቀይ ደም ሕዋስን የሚያበዛው ኤሪትሮፖየቲን ሆርሞን ተቀባይ ላይም በ2006 ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በሰፊው ይሠራበት የነበረ አንቲቦዲ ከተቀባዩ ይልቅ ሌላ ፕሮቲን ይይዝ እንደነበር ታወቀ። በ2015 ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች በ«ኔቸር» ላይ ፈርመው የዘረ መል ቅደም ተከተላቸው የታወቀ፣ በዘረ መል ምህንድስና የሚመረቱ አንቲቦዲዎች ብቻ እንዲለመዱ ጠየቁ። በቀጣዩ ዓመት የሰው ፕሮቲን አትላስን የመሠረተው ማቲያስ ኡሌን የተሳተፈበት ቡድን አምስት የማረጋገጫ መንገዶችን አወጣ። ከአምስቱ እኔ የማስቀድመው የመጀመሪያውን ነው፦ የፕሮቲኑ ዘረ መል ክሪስፐር በተባለው የዘረ መል መቁረጫ ዘዴ ከተቆረጠበት ሕዋስ ላይ አንቲቦዲው አሁንም ከቀለመ፣ የያዘው ሌላ ነገር ነው።

ካናዳ ውስጥ የተጀመረው ዋይካሮስ የተባለው የጋራ ሥራ በ2023 ለ65 የነርቭ ፕሮቲኖች የተሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን በዚሁ መንገድ ፈትኖ፣ ከግማሽ በላዩ ቢያንስ በአንድ ሙከራ መውደቃቸውን አሳወቀ። ለብዙዎቹ ፕሮቲኖች ቢያንስ አንድ ጥሩ አንቲቦዲ መገኘቱ ደስ ይላል። በዘረ መል ምህንድስና የተመረቱትም ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በፈተናው የተሳተፉ ሻጮችም አንዳንዶቹን ምርቶች ከገበያ አንሥተዋል።

በውድ የውጭ ምንዛሪ አንቲቦዲ የምታዙ የአገራችን ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ዘረ መሉ በተቆረጠ ሕዋስ ላይ፣ እናንተ በምትጠቀሙበት ዘዴ የተደረገ ሙከራ ጠይቁት። ካላሳያችሁ ሌላ ፈልጉ። ስትጽፉም የካታሎጉንና የምርት ዙሩን ቁጥር አትዝለሉ።