«ደህና ነኝ» ከኡፕሳላ

እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሃንስ ሆፈር የተባለ የ19 ዓመት የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ የአንድ ሌላ ተማሪን ታሪክ ተርኳል። ልጁ ለትምህርት ወደ ባዝል የመጣው ከቤርን ነው፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ። ይሁን እንጂ ከፋው፣ ትኩሳት ያዘው፣ ለሞት ተቃረበ። መድኃኒት አልረዳው ሲል ወደ አገሩ ይመለስ ተባለ። ጓዙ መሰናዳት ሲጀምር ነፍስ ዘራ፤ ቤርን ሳይገባ መንገድ ላይ ዳነ። ሆፈር ለዚህ ሕመም ስም ፈልጎ ከሁለት የግሪክ ቃላት «ኖስታልጂያ» የሚለውን ፈጠረ፤ መመለስን ከሕመም ጋር ያጣመረ ቃል ነው።

እኛ ስም አላጣንለትም፤ ናፍቆት፣ ትዝታ፣ ባይተዋርነት፣ ሆድ መባስ እንላለን። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ልጁ የዳነበት ቦታ ነው። የቤርንን አየር አልተነፈሰም፣ የእናቱን ምግብ አልቀመሰም። እንደ እኔ አረዳድ ያተረፈው ሕመሙን ያየለት ሰው ማግኘቱ ነው።

ለማስተርስ ትምህርት ወደ ስዊድኗ ኡፕሳላ የሄደ ኢትዮጵያዊ ተማሪን እናስብ። ትምህርት የሚጀመረው በእኛ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ ገና መንገዱን ሳይለምድ እንቁጣጣሽ ይደርስበታል። ከተማው ውስጥ ቀኑን ቀን የሚያደርግ ነገር የለም፤ እንደ ማንኛውም ቀን ተነስቶ ክፍል ይገባል። ገናም የሚውልበት በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ፣ በፈተና ሰሞን ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ጨለማው ይመጣል። እኛ ሰዓታችንን ከንጋት የምንቆጥረው ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል በሆነበት አገር ስለምንኖር ነው። ኡፕሳላ ውስጥ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ለ3 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላም ትጠልቃለች። ሰውነት የእንቅልፍና የንቃት ጊዜውን የሚያስተካክለው በዓይን በሚገባ ብርሃን ነው። ስለዚህ ተማሪው በኅዳርና በታኅሣሥ «አገሬ ናፈቀኝ» ከሚለው ድካምና መደበት ውስጥ ከፊሉ የብርሃን እጦት ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ትዝታን በእግር ጉዞ ማባረር ባይቻልም እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ውጭ መራመድ ለእንቅልፍ ይረዳል።

ይበልጥ ስውር የሆነው የባህል ድንጋጤ ነው። ቃሉን ያስፋፋው የሥነ ሰብ ባለሙያ ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1954 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ባደረገው ንግግር ጉዳዩን የገለጸው ከሰው ጋር ስንኖር ሳናስብ የምንመራባቸውን የለመድናቸውን ምልክቶች ከማጣት እንደሚመጣ ጭንቀት ነው። መቼ እጅ መጨበጥ፣ መቼ ዝም ማለት፣ ማንን አንቱ ማለት እንዳለብን የሚነግሩን ምልክቶች ናቸው። አንቱታን ብቻ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1967 ብሮር ሬክሴድ የተባለው የስዊድን የሕክምና ባለሥልጣን ኃላፊ ሠራተኞቹን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» እያለ እንደሚጠራ ይፋ አደረገ። ልማዱ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ፤ ዛሬ ተማሪ ፕሮፌሰሩን በስሙ ይጠራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ ተነስቶ ወንበር ሲለቅ፣ አጎንብሶ ሰላም ሲል፣ በአስተማሪው ፊት ድምፁን ሲቀንስ ጨዋ ይባላል። ያ ጨዋ ልጅ ሴሚናር ውስጥ ተጠይቆ እስኪፈቀድለት ሲጠብቅ «የሚለው የለውም» ተብሎ ይታለፋል። ሃያ ምናምን ዓመት የተማረው መልካም ጠባይ በአንድ ሳምንት ጉድለት ሆኖ ሲገኝ ጉዳቱ ውስጥ ድረስ ይገባል። ሰው በዚህ ቢቆስል ደካማ ነው አልልም።

ይህ መቼ ያልፋል? ኖርዌጂያዊው ስቬሬ ሊስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት አሜሪካ የቆዩ 200 ኖርዌጂያውያንን ጠይቆ ነበር። ከስድስት ወር በታች የቆዩት እንደተመቻቸው፣ ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር የቆዩት እንደከበዳቸው፣ ከዚያ በላይ የቆዩት ደግሞ መልሶ እንደተሻላቸው አገኘ። ሆኖም የጠየቀው እያንዳንዱን ሰው በየወሩ እየተከታተለ አልነበረም። በኋላ ኒው ዚላንድ ውስጥ ጃፓናውያን ተማሪዎችን ከመግቢያቸው ጀምሮ የተከታተለ ጥናት ችግሩ የበረታው ገና ሲደርሱ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ያለቀሰም፣ በሰባተኛው ወር የከፋውም ከሥርዓት አልወጡም።

ኡፕሳላ ራሷ ለዚህ ሕመም አሮጌ መልስ አላት። በ1600ዎቹ ከየክፍለ አገሩ የመጡ ተማሪዎች እንደየትውልድ ቦታቸው ማኅበር መሠረቱ፤ የወንዜ ልጅ እንደምንለው ማለት ነው። «ናሽን» የሚባሉት እነዚህ ማኅበራት ዛሬም 13 ሲሆኑ የአብዛኞቹ ስም የክፍለ አገሮቹ ነው፤ ማንም ተማሪ የፈለገውን መርጦ ይገባል። ምግብ ያበስላሉ፣ ዝማሬ ያዘጋጃሉ፣ ሥራውን የሚሠሩት ተማሪዎች ናቸው። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከድግሱ ይልቅ ወጥ ቤቱን እመክራለሁ። ቋንቋው የማይመች እንግዳ ከጨዋታ ይልቅ በሥራ ቶሎ ይለመዳል፤ ሐሙስ ማታ ሽንኩርት የሚከትፈው ልጅ ከቀረ «የት ሄደ?» ይባላል።

ይህ ጥያቄ ትልቅ የሚሆነው ከቤት የሚደወለው ስልክ ስለማይበቃ ነው። እናት «እንዴት ነህ የኔ ልጅ? ትበላለህ?» ትላለች። «ደህና ነኝ እማዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሰላምታችን ከሁሉ በፊት ደህንነትን ስለሚያስቀድም ውሸት አይደለም፤ ግን ብዙ ጊዜ ንግግሩ እዚያው ያበቃል። ድርቆሽና በርበሬ ቋጥራ የሸኘችውን እናት ማን ያስጨንቃል? ቤተሰብም ይደብቃል። አያት ሲታመሙ «ትንሽ ብርድ ነው» ይባላል፤ ሲያርፉ ደግሞ መርዶ በስልክ ስለማይነገር ዝም ይባላል። ይህን ልማድ የሚያውቅ ተማሪ የእናቱ ድምፅ ትንሽ ሲቀዘቅዝበት ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ሁለቱም ደህና ነን እየተባባሉ ሁለቱም ይፈራሉ።

ቤተሰብ መርዶ የሚያስነግረው በአካል ከተማሪው አጠገብ ባለ ሰው ነው። ማልደው በሩን የሚያንኳኩ፣ አብረውት የሚቀመጡ ሰዎች ይፈለጋሉ። ያ ሰው ለክፉ ቀን ብቻ መፈለግ የለበትም። ልጁ ኡፕሳላ በገባ በመጀመሪያው ወር ወጥ ቤት አብሮት የሚሠራ ይሁን የክፍል ጓደኛ፣ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ለእናቱ ይላክላት፤ ከሳምንት በላይ ድምፁን ካጣች የምትደውልለት፣ ሄዶም በሩን የሚያንኳኳላት ሰው።