ከድምፅ ቀን በኋላ ያለው ምርጫ

ሁለት ረቂቅ ሕጎች ነበሩ። ሁለቱም ከምርጫ 97 በኋላ በኢትዮጵያ የደረሰውን ግድያና እስር ተከትለው የተረቀቁ ናቸው፤ ሁለቱም የአሜሪካ መንግሥት ለአዲስ አበባ የሚሰጠውን ድጋፍ ከሰብአዊ መብት አያያዝ ጋር እንዲያያይዝ ይጠይቁ ነበር። የመጀመሪያው ኤች አር 5680 ነው። በኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን እንደራሴ በክሪስ ስሚዝ ቀርቦ እ.ኤ.አ. በጁን 2006 በተወካዮች ምክር ቤት ጉዳዩ የሚመለከተውን ኮሚቴ አለፈ፤ ለሙሉ ምክር ቤቱ ግን ሳይቀርብ የሥራ ዘመኑ አልቆ ወደቀ። ሁለተኛው፣ ኤች አር 2003፣ በዚያው ክፍለ ግዛት ዴሞክራት በዶናልድ ፔይን ቀርቦ ኦክቶበር 2 ቀን 2007 በምክር ቤቱ ጸደቀ። በሁለቱ መካከል ያለው አሥራ አምስት ወር ያህል ነው። የኢትዮጵያውያን ሰልፈኞች መፈክር ያው ነበር፤ ለኮንግረስ ቢሮዎች የሚደወለውም ስልክ አልተቋረጠም። ትልቁ ለውጥ ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ በኖቬምበር 2006 ዴሞክራቶች ከ12 ዓመት በኋላ አብላጫውን ወንበር መልሰው ያዙ፤ አጀንዳ የሚያስገቡትና የሚያስቀሩት ሰዎች ተቀየሩ። ናንሲ ፔሎሲ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ ፔይን ደግሞ የአፍሪካ ጉዳዮች ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳናም ሆነ በሌላው አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከዚህ ልንማር የሚገባን አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። እዚህ አገር ምርጫ ሁለት ጊዜ ይካሄዳል፤ እኛ የምንሰለፈው ለአንዱ ብቻ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ ሲኖረው 218 ያገኘ ፓርቲ አብላጫ ይሆናል። ሕዝብ ድምፅ የሚሰጠው በኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በጃንዋሪ 3 ነው። በመሃል ባሉት ስምንት ሳምንታት ያህል ያሸነፈው ፓርቲ አባላት በር ዘግተው በምስጢር ድምፅ መሪዎቻቸውን ይመርጣሉ። ለአፈ ጉባኤነት የሚያቀርቡትን ዕጩ፣ የየሳምንቱን የሥራ ዝርዝር የሚያወጣውን የአብላጫውን መሪ፣ የፓርቲውን ድምፅ የሚያሰባስበውን ሰው የሚወስኑት ያን ጊዜ ነው። ማን በየትኛው ኮሚቴ እንደሚቀመጥ፣ ማንስ ሰብሳቢ እንደሚሆን የሚደለደለውም በዚያው ሰሞን ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ እያየው የሚደረገው የአፈ ጉባኤው ምርጫ ብቻ ነው። የእንደራሴዎቹ ስም በፊደል ተራ ይጠራል፤ የተጠራው እንደራሴ የመረጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ስም ጠርተው ከመረጡት የግማሽ በላዩን ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይይዛል፤ ማንም ካልሞላለት ጥሪው ከመጀመሪያው ስም እንደገና ይጀመራል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን እንደሆነ አገር ያወቀው ፓርላማው ሲሰበሰብ አልነበረም። ከዚያ ስድስት ቀን ቀድሞ የኢሕአዴግ ምክር ቤት በዝግ ስብሰባ ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀመንበር አድርጎ ሲመርጥ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ለፓርላማው የቀረው ያለቀውን ማጽደቅ ነበር።

የእነዚህ መሪዎች ትልቁ ጉልበት ንግግራቸው አይደለም፤ አጀንዳ መያዛቸው ነው። በየሁለት ዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ረቂቆች ለምክር ቤቱ ይቀርባሉ፤ ሕግ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ተቃዋሚ ሳይገጥማቸው፣ ተራ ሳይደርሳቸው ይሞታሉ። ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የተረቀቀውን፣ ኤች አር 128 የተባለውን የውሳኔ ሐሳብ እናስታውስ። በፌብሩዋሪ 2017 ከቀረበ በኋላ ቀስ በቀስ ከ100 በላይ እንደራሴዎች ፈረሙበት፤ ሆኖም ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። የሚያንቀሳቅሰው የጊዜው የአብላጫ መሪ ኬቨን ማካርቲ ነበሩ፤ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ያለችው የቤከርስፊልድ እንደራሴ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን የኮሎራዶዋን አውሮራ የሚወክሉት ማይክ ኮፍማን የገዛ ፓርቲያቸውን መሪዎች እየተመላለሱ ወተወቱ። በመጨረሻ ኤፕሪል 10 ቀን 2018፣ አወዛጋቢ ላልሆኑ ጉዳዮች በሚውለው አጭር ሥርዓት፣ የ40 ደቂቃ ክርክር ተፈቅዶለት በቃል ድምፅ አለፈ። በዚያ ሥርዓት ምን እንደሚገባ የሚወስነው አመራሩ ነው። የ100 ሰው ፊርማ ያልከፈተውን በር የአንድ ሰው ፈቃድ ከፈተው።

ዝግ በርም የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። በጁን 2013 ሴኔቱ ትልቁን የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ረቂቅ 68 ለ32 አጸደቀ። ረቂቁ ያለ ወረቀት ለሚኖሩ ሚሊዮኖች ወደ ዜግነት የሚያደርስ መንገድ ይከፍት ነበር፤ በዚያው ልክ ግን ዲቪ ሎተሪን ይሰርዝ ነበር። ሪፐብሊካኖች እ.ኤ.አ. በ2010 አብላጫውን መልሰው ሲይዙ የተመረጡት አፈ ጉባኤ ጆን ቤይነር የሴኔቱን ረቂቅ ለምክር ቤቱ አላቀርብም አሉ፤ አላቀረቡምም። ቤይነር ስለ ዲቪ ብለው አላደረጉትም፤ የፓርቲያቸው አብዛኛው አባል ያልደገፈውን ላለማቅረብ ነው። ውጤቱ ግን በየቤታችን ገባ፦ ወረቀት የሌለው ወንድማችን ተስፋው ተቋረጠ፤ ዲቪ የሚሞላው የአክስታችን ልጅ ዕድሉ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በዲቪ መጥቶ ዛሬ በዚህ ከተማ መኪና የሚነዳው፣ በሆስፒታል የሚያስታምመው ሰው ሕይወቱ አንድ አፈ ጉባኤ ባላቀረቡት ረቂቅ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ያውቅ ይሆን? ደስ ቢለንም ባይለንም ውሳኔው የአጀንዳ ውሳኔ ነበር።

አጀንዳ ሥልጣን እንደሆነ መንግሥታት ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ኤች አር 2003 ሲመጣ የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ግዙፍ የጠበቆች ድርጅት ቀጥሮ ነበር፤ ለመንግሥቱ ከሚወተውቱት አንዱ ዲክ አርሜይ ናቸው፤ እስከ 2003 መጀመሪያ ራሳቸው የምክር ቤቱ የአብላጫ መሪ የነበሩ። በሩን ማለፍ የፈለገ የቀድሞ በረኛ ቀጠረ። አገር ቤትም ከምርጫ 97 በኋላ ተቃዋሚዎች ወደ ፓርላማ ከመግባታቸው በፊት ተሰናባቹ ምክር ቤት ደንቡን ለውጦ አጀንዳ ለማስያዝ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ አድርጎት ነበር። ወንበሩን ሰጥቶ አጀንዳውን ያዘ። ይህን ያየ ሰው አሜሪካ ውስጥ ማን አጀንዳ እንደሚይዝ ሳይጠይቅ ሊቀር አይገባውም ነበር።

«ይህ የፓርቲዎች የቤት ጉዳይ ነው፤ እኔ ያለኝ አንድ ድምፅ ነው፤ እሱንም ሰጥቻለሁ» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሚዛን ያለው ተቃውሞ ነው፤ በዝግ ስብሰባው ውስጥ ወንበር የለንም። ነገር ግን እዚያ የሚገባው የእኛ እንደራሴ ነው፤ ቁጥሮቹም እጅግ ጠባብ ናቸው። በ2018 ዴሞክራቶች ከስምንት ዓመት በኋላ አብላጫውን ሲያስመልሱ 16 ሰዎች ብቻ ፔሎሲን እንደማይመርጡ በደብዳቤ አስታወቁ። ፔሎሲ በፓርቲው ውስጥ 203 ለ32 ቢያሸንፉም ለጃንዋሪው ጥሪ ያ አልበቃቸውም፤ ከአራት ዓመት በላይ በመሪነት እንደማይቆዩ ቃል ገብተው ነው በ220 ድምፅ የተመረጡት፤ በ2022 መጨረሻም መሪነቱን አስረከቡ። ፔሎሲ በፓርቲው ውስጥ ባሸነፉበት ሳምንት ለፓርቲው ስብስብ ሊቀመንበርነት የኒው ዮርኩ እንደራሴ ሃኪም ጄፍሪስ የኦክላንዷን ባርባራ ሊ 123 ለ113 አሸነፉ። ስድስት ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር፤ ጄፍሪስ ከአራት ዓመት በኋላ የምክር ቤቱ ዴሞክራቶች ሁሉ መሪ ሆነዋል። ስድስት ሰው በሚወስንበት ቦታ የአንድ ወረዳ ነዋሪዎች ስልክ ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚሁ ካሊፎርኒያ የሆነው ደግሞ ከዚህም ይልቅ ይናገራል። በኖቬምበር 1994 ሪፐብሊካኖች ከሃያ ዓመት በላይ አጥተውት የነበረውን የክፍለ ግዛቱን የታችኛውን ምክር ቤት መልሰው ያዙ፤ ከ80 ወንበር 41። ሆኖም ከእነሱ አንዱ፣ ፖል ሆርቸር፣ ከፓርቲው ወጥቶ ለነባሩ ዴሞክራት አፈ ጉባኤ ለዊሊ ብራውን ድምፁን ሰጠ፤ ቆጠራው 40 ለ40 ሆነ። ብራውን እስከ 1995 አጋማሽ በወንበራቸው ቆዩ፤ ሲለቁም የተተኩት በዴሞክራቶች ድምፅ በተመረጡ ሪፐብሊካን በዶሪስ አለን ነው። አሸናፊው ፓርቲ የራሱን ምርጫ አፈ ጉባኤ ያደረገው በጃንዋሪ 1996 ነው። መራጩ አብላጫ ሰጠ፤ የአመራሩ ምርጫ ግን ያንን አብላጫ ከአንድ ዓመት በላይ ሽባ አደረገው። ልብ እንበል፦ የሆርቸር ወረዳ ነዋሪዎች በሕጉ መሠረት ድጋሚ ድምፅ ጠርተው ከወንበሩ አወረዱት። ለእነሱ የአመራር ድምፅ የቤት ጉዳይ አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መሪ ቢቀየርስ ምን ያመጣል?» የሚል ነው። ኤች አር 2003 ምክር ቤቱን አልፎ ሴኔት ውስጥ ሞተ፤ ኤች አር 128 ደግሞ የሕግ አስገዳጅነት አልነበረውም። እውነት ነው፤ የተከፈተ በር መንገዱን ሁሉ አያስኬድም፤ ሴኔት አለ፣ ፕሬዚዳንት አለ። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ሁለቱንም ቤቶች መከታተል ነው እንጂ ሁለቱንም መተው አይደለም። አመራር ሳይረጋ ሲቀር ምን እንደሚመጣም አይተናል። ሪፐብሊካኖች በ2022 በጠባብ ልዩነት ሲያሸንፉ ኬቨን ማካርቲ አፈ ጉባኤ የሆኑት በ15ኛው ዙር ነው፤ የከፈሉት ዋጋ አንድ አባል ብቻውን ከወንበር የማውረድ ጥያቄ ማቅረብ እንዲችል መፍቀድ ነበር። በኦክቶበር 2023 በዚሁ ደንብ 216 ለ210 ተሻሩ፤ ምክር ቤቱም ለሦስት ሳምንት ያህል ሕግ ማውጣት አቃተው። በጃንዋሪ የተቋጠረው ውል በኦክቶበር ፈነዳ። እንግዲህ ማን ተመረጠ ብቻ ሳይሆን በምን ውል ተመረጠ የሚለውም የመራጩ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚመጣውም ከእኛው ነው። «ማኅበረሰባችን አንድ ድምፅ የለውም፤ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በአንድ ከተማ በተቃራኒ ሰልፍ ወጥተናል፤ ታዲያ ምን ብለን ነው የምንጠይቀው?» ይባላል። ልዩነታችንን በምንጣፍ ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ይሁን እንጂ የምንስማማባቸው ጉዳዮች ጥቂት አይደሉም፦ ዲቪ፣ ቤተሰብ ማምጣት፣ የጥገኝነት ጉዳይ፣ የአነስተኛ ንግድ ብድር። በማንስማማበትም ቢሆን እንደራሴው ሁለቱንም ወገን ቀድሞ ቢሰማ ይሻላል። ዝም ያለ ማኅበረሰብ ልዩነቱ አይጠፋለትም፤ የሚጠፋው ስሙ ነው።

የአመራር ወንበር ምን እንደሚያመጣ ለማየት ከፌርፋክስ ሕዝብ የቀረበ ማን አለ? ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ያለው ሰፈር ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በከተማው ምክር ቤት የተሰየመው በ2002 ነው። ይህን ሰፈር ለዓመታት በኮንግረስ የወከሉት፣ በ2022 የከተማው ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ካረን ባስ፣ ከ2008 እስከ 2010 የካሊፎርኒያው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ። በኮንግረስ በዚያው በአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ የአናሳው ወገን ተጠሪ ሆነው ከቆዩ በኋላ ፓርቲያቸው በ2018 ሲያሸንፍ የሰብሳቢነቱን መዶሻ ያዙ፤ በማርች 2019ም የልዑካን ቡድን መርተው ኤርትራ ገቡ። ሴትየዋ ያው፣ ዕውቀታቸውም ያው ነበር፤ ስብሰባ የመጥራትና ምስክር የማስቀረብ ሥልጣን የመጣው ከአብላጫው ጋር ነው።

እንግዲህ የሚቀረን ጊዜውን ማወቅ ነው። መሪው ከተመረጠ፣ ኮሚቴው ከተደለደለ በኋላ አቤት ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የምርጫው ውጤት በታወቀ ሳምንት የማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ፣ የነጋዴዎች ኅብረት ተወካዮች ለእንደራሴያቸው ቢሮ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለመሪነት ማንን ይመርጣሉ? በየትኛው ኮሚቴ ለመቀመጥ ጠይቀዋል? ለድምፅዎ ምላሽ ምን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያዝልን ይጠይቁልናል? መልሱን ጽፎ መያዝና በጃንዋሪ ስም ሲጠራ ማዳመጥ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ በኖቬምበር ከተሰለፍነው ሰዓት ሩብ ያህሉን ለዲሴምበር እንቆጥብ።