ከአምስት ቁጥሮች የሣጥን ሥዕል አሠራር

የምርት ሪፖርት ወደ ልማት ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ተጠቃልሎ ነው። የየማሳው ቁጥር ባይገኝም አምስት ቁጥሮች ካሉ ሥዕሉን መሥራት ይቻላል። እነርሱም ዝቅተኛው፣ የታችኛው ሩብ፣ መካከለኛው፣ የላይኛው ሩብና ከፍተኛው ናቸው።

ለምሳሌ የሁለት ስንዴ ዘሮች ምርት፣ በሄክታር በኩንታል፣ እንዲህ ነው እንበል፦

ዘር ሀ፦ 12፣ 20፣ 26፣ 30፣ 38
ዘር ለ፦ 20፣ 23፣ 25፣ 27፣ 30

አሠራር፦

1. አር በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ለእያንዳንዱ ዘር አንድ ዓምድ ይክፈቱ፤ አምስቱን ቁጥሮች ከትንሹ ጀምረው ያስገቡ።
2. የማሳዎቹን ብዛትና የዘሮቹን ስም ይጨምሩ።
3. «ቢ ኤክስ ፒ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። «ቦክስፕሎት» የሚለው ለጥሬ ቁጥር ስለሆነ አምስቱን ቁጥሮች እንደ አምስት ማሳዎች ይቆጥራቸዋል።

ኮምፒዩተር ከሌለ ባለካሬ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃሉ። ሣጥኑ ከታችኛው ሩብ እስከ ላይኛው ሩብ ይሠራል፤ መካከለኛው ቁጥር በውስጡ ይሰመራል፤ ከሣጥኑ እስከ ዝቅተኛውና እስከ ከፍተኛው ቀጭን መስመር ይወጣል።

አነባበብ፦ በመካከለኛው ቁጥር ዘር ሀ በ1 ኩንታል ይበልጣል። ይሁን እንጂ ከማሳዎቹ ሩብ ያህሉ የሰጡት 20 ኩንታል ወይም ከዚያ በታች ነው። በዘር ለ ከ20 የወረደ ማሳ የለም። የማዳበሪያ ዕዳ ላለበት አባል ይህ ልዩነት ከ1 ኩንታሉ ብልጫ ይከብዳል። ስለዚህ ማኅበሩ ዘር ከመምረጡ በፊት ሥዕሉን በስብሰባ ላይ ያሳዩ።

ማሳሰቢያ፦ የደረሰዎት አማካይ ብቻ ከሆነ ሣጥን አይሥሩ፤ አምስቱን ቁጥሮች ይጠይቁ።