ድቅል መኪና ውሎ አድሮ ያዋጣል?

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። በዘመናችን ጎዳናዎች ላይም ይህን ተረት የሚያስታውስ መኪና ይታያል። እርሱም የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የያዘው ድቅል መኪና፣ በተለምዶ ስሙ «ሃይብሪድ»፣ ነው። ስለ ድቅል መኪና ሲወራ ጎልቶ የሚነሳው የኤሌክትሪክ ወገኑ ነው። ይሁን እንጂ ከሶኬት የማይሞላው ተራው ድቅል መኪና የሚጠቀምበት ኢነርጂ ሁሉ ምንጩ ሲመረመር ከቤንዚን የተገኘ ነው። ታዲያ ይህ መኪና ነዳጅ የሚቆጥበው እንዴት ነው? የሚቆጥበው ገንዘብስ በግዢ ጊዜ በዋጋው ላይ የተጨመረውን ይመልሳል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቀላል ፊዚክስና በቀላል ሒሳብ ለመመለስ እንሞክራለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሼ የተባለው መሐንዲስ ቤንዚንንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ መኪና የሠራው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነበር። ነገር ግን ድቅል መኪና በብዛት ተመርቶ ለሕዝብ የቀረበው ቶዮታ «ፕሪየስ» የተባለውን ሞዴል በታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለሽያጭ ካዋለ ወዲህ ነው። በአሜሪካ ገበያ ቀድሞ የታየው በ1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የቀረበው የሆንዳ «ኢንሳይት» ሲሆን፣ ፕሪየስ በ2000 እ.ኤ.አ. ተከተለው።

ቁጠባው ከየት ይመጣል?

1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል። ይህ ፍጥነት በሴኮንድ 16.7 ሜትር ያህል ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂው የኪሎ ግራሙ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ሲሰላ ወደ 194 ኪሎ ጁል ይሆናል። አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ይህ ኢነርጂ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ደግሞ ያው መጠን እንደገና ከነዳጅ መገኘት አለበት።

አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 32 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ይይዛል። ሞተሩ በከተማ ጉዞ ላይ ከዚህ ውስጥ ሩቡን ብቻ ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል ብንል፣ እያንዳንዱ ቆሞ መነሳት 24 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን፣ ማለትም የአንድ ቡና ስኒ ሲሶ ገደማ፣ ይጠይቃል። በቀን መቶ ጊዜ ለሚቆምና ለሚነሳ የከተማ መኪና ይህ ብቻውን 2.4 ሊትር ነው።

ድቅል መኪና በዚህ ብክነት ላይ በሦስት መንገድ ይዘምታል። አንደኛ፣ ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ሥራውን ገልብጦ ጄኔሬተር ስለሚሆን፣ ከሚባክነው ኢነርጂ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሁለተኛ፣ መኪናው ሲቆም ወይም በዝግታ ሲሄድ የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ለመነሻና ለአቀበት ኤሌክትሪኩ ስለሚያግዝ፣ የቤንዚን ሞተሩ ከጉልበት ይልቅ ለቁጠባ ተብሎ ሊነደፍ ይችላል። የአትኪንሰን ዑደት የሚባለው አሠራር የዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ ዑደት የተቃጠለው ጋዝ የሚለጠጥበት ርቀት፣ አየሩ ከሚታመቅበት ርቀት ስለሚበልጥ ከእያንዳንዱ ጠብታ ብዙ ሥራ ይገኛል። በዚህ መሠረት ድቅል መኪና አዲስ ኢነርጂ አይፈጥርም፤ የሚባክነውን ይሰበስባል እንጂ።

የመለኪያው ወጥመድ

ወደ ገንዘቡ ከመግባታችን በፊት አንድ ስሕተት እናርም። በአገራችን መኪና የሚመሰገነው «በሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ተብሎ ነው። ይህ አነጋገር ዓይንን ያታልላል። አንድ ሰው በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን መኪናውን በሊትር 10 በሚሄድ ቢለውጥ፣ ሌላው ደግሞ በሊትር 10 የሚሄደውን በሊትር 20 በሚሄድ ቢለውጥ፣ የበለጠ ነዳጅ የቆጠበው ማን ነው? ብዙዎቻችን ሁለተኛውን እንመርጣለን። ነገር ግን በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ የመጀመሪያው ከ20 ሊትር ወደ 10 ሊትር ሲወርድ፣ ሁለተኛው ከ10 ወደ 5 ይወርዳል። ትርፉ 10 እና 5 ሊትር ነው። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ላሪክና ሶል ይህንኑ የአስተሳሰብ ስሕተት በ2008 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አሳይተዋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምንለካው «በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር» በሚለው ይሆናል። ኪስን የሚነካው የወጣው ነዳጅ ነውና።

ሁለት ወንድማማች መኪኖች

ለንጽጽር አንድ ዓይነት አካል ያላቸውን ሁለት መኪኖች መምረጥ ይገባል። በአሜሪካ ገበያ የቀረበውን የ2024 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ኮሮላ እንውሰድ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባወጣው መለኪያ በቤንዚን ብቻ የሚሄደው በአማካይ በ100 ኪሎ ሜትር 6.7 ሊትር፣ ድቅሉ ደግሞ 4.7 ሊትር ይጠቀማል። ልዩነቱ 2 ሊትር ነው። ተመጣጣኝ ደረጃ ያላቸው ሁለቱ ሞዴሎች የመነሻ ዋጋቸው ልዩነት 1,450 ዶላር ገደማ ነበር። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 90 ሳንቲም ነው ብለን እናስብ። እንግዲህ ድቅሉ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 1.80 ዶላር ይቆጥባል፤ ተጨማሪውን ዋጋ ለመመለስም 80,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት።

ይህ ርቀት ለሁሉም አንድ ነው፤ ጊዜው ግን እንደ ሰዉ ይለያያል። በዓመት 24,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 432 ዶላር ስለሚቆጥብ በሦስት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይመለስለታል። በዓመት 8,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ጡረተኛ ግን የሚቆጥበው 144 ዶላር ስለሆነ ዐሥር ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። በአንጻሩ በዓመት 80,000 ኪሎ ሜትር የሚያካልል የታክሲ አሽከርካሪ በአንድ ዓመት ብቻ ገንዘቡን ያስመልሳል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በታክሲ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ በርካታ ወገኖቻችን አሉ። ለእንዲህ ያለ አባወራ ይህ ልዩነት የአንድ ልጅ የትምህርት ወጪ ሊሆን ይችላል።

የመንገዱ ዓይነትም ውጤቱን ይለውጠዋል። በዚያው መለኪያ መሠረት በከተማ ውስጥ ቤንዚኑ 7.4፣ ድቅሉ 4.4 ሊትር ሲጠቀሙ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ቤንዚኑ 5.7፣ ድቅሉ 5.1 ሊትር ይጠቀማሉ። ቤንዚኑ ከተማ ውስጥ ሲጎዳ ድቅሉ ግን ከተማ ውስጥ የተሻለ መሆኑን ልብ ይሏል። ምክንያቱን ከላይ አይተናል፦ ፍሬን በማይያዝበት መንገድ የሚሰበሰብ ኢነርጂ የለም። ስለዚህ በከተማ ብቻ የሚነዳ ሰው ዋጋውን በ54,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያስመልስ፣ በአውራ ጎዳና ብቻ የሚነዳው ከ268,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል።

የዛሬ ገንዘብና የነገ ገንዘብ

እስካሁን ያደረግነው ስሌት አንድ ነገር ዘንግቷል። ተጨማሪው 1,450 ዶላር የሚከፈለው ዛሬ ሲሆን ቁጠባው የሚገኘው ቀስ በቀስ ነው። ገዢው ይህን ገንዘብ በ7 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ተበድሮ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ዓመት ቁጠባ ላይ ወለዱ ይቀነሳል። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ዕዳው 1,551 ደርሶ 432 ሲከፈልበት 1,119 ይቀራል። እንዲህ እያልን ስንቀጥል ዕዳው የሚዘጋው በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ያልነው ወደ አራት ዓመት ተራዘመ ማለት ነው። ለዐሥር ዓመት ጠባቂው ጡረተኛማ ወለዱ ሒሳቡን ጨርሶ ያፈርስበታል። ከ1,450 ዶላር በ7 በመቶ የሚታሰበው የአንድ ዓመት ወለድ 101 ዶላር ስለሆነ ከ144 ዶላሩ የሚተርፈው እዚህ ግባ አይባልም።

የባትሪው ነገር

ገዢን ሁሉ የሚያሰጋው ባትሪው ነው። ቶዮታ ከ2020 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጣቸው ድቅል መኪኖች ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል (ወደ 240,000 ኪሎ ሜትር) ዋስትና ይሰጣል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ይዘጋዋል። ባትሪው በ12ኛው ዓመት ተበላሽቶ በ3,000 ዶላር ቢተካ ብለን እናስብ። መካከለኛው አሽከርካሪ በ12 ዓመት 5,184 ዶላር ይቆጥባል፤ ከዚህ የዋጋው ልዩነትና ባትሪው ሲቀነሱ 734 ዶላር ይተርፈዋል። ጡረተኛው ግን 2,722 ዶላር ይከስራል። ባትሪ በሥራ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃልና፣ መኪናውን በማስቆም ባትሪውን ማዳን አይቻልም።

በሌላ በኩል የሚቀሩ ወጪዎችም አሉ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ፍሬን ስለሚያግዝ የፍሬን ሸራ ቶሎ አያልቅም። በቶዮታ ድቅል መኪኖች ውስጥ የተለመዱት ዲናሞና ሞተሪኖ የሉም፤ ሥራቸውን የሚሠሩት ዋናዎቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። የሌለ ዕቃ ደግሞ አይበላሽም።

ሊዘነጋ የማይገባው ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ነው። የመጀመሪያው ባለቤት የዐሥር ዓመቱን ቁጠባ ወስዶ ሲሸጥ፣ ዋስትናው ያለቀበት ባትሪ ለሁለተኛው ይተርፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ሲገዛ የባትሪውን ክፍሎች ቮልቴጅ በመመርመሪያ መሣሪያ ማስለካት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባትሪ ከሆነም የማቀዝቀዣው የአየር መግቢያ በአቧራ አለመታፈኑን ማየት ያስፈልጋል። ሙቀት የባትሪ ጠላት ነውና። የባትሪው ዋጋም ከመሸጫው ዋጋ ላይ እንዲታሰብ መደራደር ብልህነት ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ «ድቅል መኪና ያዋጣል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ብዙ ለሚነዳ፣ በተለይም ቆሞ መነሳት በሚበዛበት ከተማ ለሚውል ሰው በሚገባ ያዋጣል። ጥቂት ለሚነዳ ወይም ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ለሚውል ግን ቁጠባው ዋጋውን ላይመልስ ይችላል። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር መመለሻው ርቀት ያጥራል፤ የሊትሩ ዋጋ እጥፍ ቢሆን 80,000 የነበረው 40,000 ይሆናል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ በአገራችን የብዙዎች ጥያቄ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው። ስንት ተጨመረ? በየ100 ኪሎ ሜትሩ ስንት ይተርፋል? በዓመት ምን ያህል እንነዳለን? ባትሪው ሲደክም ማን ይከፍላል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፎ የሚመልስ ገዢ ሻጩ የነገረውን ብቻ ይዞ አይሄድም። አንባብያንም በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያለ አንድ መኪና መርጣችሁ ሒሳቡን እንድትሞክሩት እንጋብዛለን።